የወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሰማያዊ ሳህኖች

በሃድሰን ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ፣ የቀረበለትን ምግብ ትቶ ሳህኑን ገልብጦ የሚያይ አንድ ጎረቤት አያጣም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክብርት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ታልማጅ ናቸው።

"ፊቱ ይዋሻል፤ ጀርባውን አሳየኝ!" ይላሉ። የእንግሊዙ ሠሪ ማኅተም ያለው ጀርባው ላይ ነዋ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ አገራችንን በዓይናቸው ያላዩ እንግሊዞች ወንዛችንንና መርከባችንን ሳህን ላይ በሰማያዊ ቀለም እያተሙ መልሰው ለእኛው ሸጡልን። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከእነዚህ ሳህኖች መቶ አሥራ አንድ ሰብስበዋል። አንዴ፣ የአንዱን ሳህን ሥዕል አይቼ፣ "ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ግንብ ኖሮ አያውቅም" ብላቸው፣ "ሳህኑ ላይ አለ!" አሉኝ።

ጠርዙን በጥፍራቸው መታ ያደርጋሉ። ካቃጨለ፣ "ይናገራል"። ስንጥቅ ኖሮት ድምፁ ከታፈነ፣ "ሞቷል"። የሞተ ሳህን ቤታቸው አያድርም፤ የጎረቤት ዶሮ ውሃ ይጠጣበታል።

ባለቤታቸው ኤቨረት የተቀበሩ ዕለት እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ለለቀስተኛው የቀረበውን የድንች ሰላጣ ቀሚሳቸው ላይ ደፍተው ሳህኑን መታ አደረጉ። "ሞቷል" አሉ። ስለ ሳህኑ ይሁን ስለ ኤቨረት አልገባንም። መሳቃችን ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።

ባለፈው የበረዶ ወራት የቤቴን በር ደበደቡ። "አንተ ልጅ፣ ቶሎ ና! ብርዱ ሁሉንም ፈጃቸው!" (ልጁ እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ነው።) ስገባ ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ወርደው፣ መጣያ ሳጥን ተዘጋጅቶላቸዋል። አንዱን መታ አደረጉ። ጥርት ብሎ አቃጨለ።

"ሰማህ? ሞቷል።"

ሁለተኛውም አቃጨለ። "ይኼም ሞቷል።"

የሞተው ጆሯቸው ነበር። ጠጋ ብዬ፣ "ሳህኖቹ ደህና ናቸው!" ብዬ ጮህኩ። ጣታቸውን አዩና፣ "እንግዲያው አንተ ስማልኝ" አሉ።

መቶ አሥሩ ተናገሩ። የመጨረሻው፣ ኤቨረት በሠርጋቸው ቀን የሰጧቸው ባለ መርከቡ ሳህን፣ እንደ እንጨት ኳ አለ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለዋል።

"ይናገራል!" አልኩ።

"ውሸታም! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስንጥቅ ነው። ኤቨረትም እንዳንተው ዓይኑን በጨው አጥቦ 'ይናገራል' አለኝ።" ሳህኑን በቀሚሳቸው ጠርገው መደርደሪያው መሃል መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እሰማላቸዋለሁ። የባለ መርከቡ ተራ ሲደርስ እዋሻለሁ፤ እሳቸውም ይሰድቡኛል።