በታይፕ የተጻፈች ወባ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እገድፋለሁ፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው፤ ያውም ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛን ያገኘሁት ከጥቁር ሰሌዳና ከገበያ ነው። ይቅርታዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። መጥፎ የእጅ ጽሑፍ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች፣ መጥፎ የእጅ ጽሑፍ ስንቱን ሰው ሸሽጎ እንዳኖረ አያውቁም። እናንተስ ብትሆኑ ሕመማችሁን ጎረቤት ሁሉ እንዲያነብላችሁ ትፈልጋላችሁ? አይመስለኝም።

ነቀምቴ፣ እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ፣ ኦቦ ተሰማ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ። የመድኃኒት ማዘዣ ሲጽፉ ዶሮ ወረቀቱ ላይ ጭራ የሄደች ይመስላል። ያንን ጭረት ማንበብ የሚችሉት ፈጣሪና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ደግሞ ሰው አያሙም። ቂጥኝ ያለበትም ወስፋት ያለበትም ወረቀቱን ጨብጦ እኩል ተከብሮ ያልፍ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ባለመድኃኒቱ ሳቱ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ለዓይናቸው የጆሮ ጠብታ ተሰጣቸውና ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ከረሙ። ከዚያ በኋላ "ከእንግዲህ ማዘዣ የሚጻፈው በታይፕ ነው" ተባለ። ጥቁር የጽሕፈት መኪና መጣች፤ አልማዝ የምትባል የሸዋ ልጅም ከኋላዋ ተቀመጠች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መልካም ነገር ነበር። ፊደሉ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጠብታው ለዓይን ይሁን ለጆሮ ሕፃን ልጅ ያነበዋል። ችግሩ መኪናዋ አልነበረችም። ካርቦኑ ነበር። አንዱ ቅጂ ለበሽተኛው፣ አንዱ ለመድኃኒት ቤቱ፣ አንዱ ለቀበሌ። ለቀበሌ ምን ያደርግለታል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያኔ እኛም አልጠየቅንም። መጠየቅ ራሱ በሽታ ነበር፣ ያውም መድኃኒት የማይታዘዝለት።

ወንድሜ ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለግ ነበር። ኡኬ የሚባል አገር፣ አክስቴ ዘንድ ተደብቆ በቆሎ ይጠብቃል። ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ፤ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ዓይን አፋር ልጅን ማን ይጠረጥራል? ኡኬ ደግሞ ቆላ ነው። ከቀበሌ ያመለጠውን ልጅ ወባ አገኘችው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏችኋል ይህ ነው።

ማዘዣ ከሌለ ክኒን የለም። ማዘዣ ካለ ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ ከተጻፈ ቀበሌ ያገኘዋል። ክኒኑን ካልዋጠ ደግሞ ከቀበሌ ቀድማ ወባ ትወስደዋለች። እናቴ ስታስብ ውላ ስታስብ አድራ፣

"አንቺ ታመሚ" አለችኝ።

ሰው እንዲህም ይታዘዛል። "ዳገቱን እየሮጥሽ ውጪ፤ ላብሽን ሲያዩ ያምኑሻል" ብላም መከረችኝ።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ማነው የታመመው?" አሉኝ ኦቦ ተሰማ።

"እኔ።"

ደም የሚመረምረው ሰው ለወባ ማጥፋት ሥራ ዲጋ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ አልማዝ ዞረው "ወባ ነው፤ ጻፊላት" አሉ። አልማዝ ወረቀቱን መኪናዋ ላይ አስገባች፤ ጣቶቿን ግን አላንቀሳቀሰችም።

"ይቺን ባለፈው ገበያ ቅርጫት ተሸክማ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ወባዋ ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ መጣችባት?"

አንገቴን ደፋሁ።

"ወንድምሽስ ወዴት ነው? ጠፋብን እኮ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም። በክፍል ውስጥ "አቤት" ለማለት የማፍር ልጅ ቀና ብዬ፣ "ማዘዣው ላይ የሚጻፈው የበሽተኛዋ ስም ነው ወይስ የወንድሟ?" አልኳት።

ኦቦ ተሰማ ሳቃቸውን ሳል አስመሰሉት። አልማዝ ስሜን በንዴት አንድ በአንድ እየደበደበች ጻፈችው። ስሜ እንደዚያ ቀን አምሮ ተጽፎ አያውቅም።

ክኒኑን በእህል መኪና ተሳፍሬ ኡኬ አደረስኩ፤ ገመቹ ዋጠ፤ ዳነ።

አሁን ደርግ ወድቋል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በተራቸው የት እንደተደበቁ አይታወቅም፤ ስንቅ የምታመላልስላቸው እህት ትኑራቸው አትኑራቸው እንጃ። ገመቹ ግን ቤታችን በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት ያቺን ቀን ያወራል። "የቀበሌው ኪነት ቡድን ስንት ተዋናይ አመለጠው መሰላችሁ፤ መንቀጥቀጡን ብታዩላት" ይላል። እንግዶቹም "መንግሥትን በራሱ መኪና ውሸት ያስጻፈች" እያሉ ይስቃሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አብሬ እስቃለሁ።

ለእናቴም ለገመቹም ያልነገርኳቸውን እንግዲህ እናንተ ስሙት። ያንን ዳገት አልሮጥኩም። መሮጥ ቀርቶ መራመድ አቅቶኝ አጥር እየተደገፍኩ ነው የወጣሁት። ኡኬ ስመላለስ የወባ ትንኟ እኔንም አልማረችኝም ነበር። በአንድ ስም የሚሰጠው ክኒን ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን ስም ማስጻፍ ደግሞ አይቻልም። ገመቹ "ምነው ፊትሽ ገረጣ?" ሲለኝ "የመንገዱ አቧራ ነው" ብዬው፣ ክኒኑን ሲውጥ ቆሜ አየሁ። እኔ በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በእልህ ዳንኩ። አይቆጨኝም፤ ነገም ቢመጣ እንዲሁ ነው የማደርገው። ብቻ ዋሽታ አስጻፈች አትበሉኝ። ያቺ መኪና የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር። ታምሜ ነበር።