ሳይጎን እኔን ልትጎበኝ መጣች

ሌሊቱን ሳይጎን ውስጥ ተኝቼ ሳይጎንን በሕልሜ አየሁ። እንዲህ ያለ ብክነት የት አለ? ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቬትናም ድረስ የመጣ ሰው ዓይኑን ገልጦ ማየት ሲችል ጨፍኖ ያያል።

ለነገሩ ገልጬም ያየሁት ነገር አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን እኔንና ባልደረባዬን ተካልኝን ለአዲስ ማሽን ሥልጠና ሲልከን ታላቅ እህቴ ዘነቡ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልቀር ብል ተቆጣች። «ሂድ ይመር፣ ስትመለስ ድኜ ነው የምቀበልህ» ብላ በግድ ሸኘችኝ። ከመጣሁ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሳው ባሏ አበጋዝ ነው። «ተኝታለች» ይለኛል። ጠዋትም ተኝታለች፣ ማታም ተኝታለች። ስልክ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።

በሕልሜ አየር ማረፊያው ውስጥ ነበርኩ። መስታወቱ ጀርባ ማህተም ይዤ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ከተማዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ፊቴ ተሰልፋለች። ድልድዮች፣ ገመድ የተተበተበባቸው የመብራት ምሰሶዎች፣ እግረኛ መንገዱን የሚሞሉት ድንክዬ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁሉም ፓስፖርት ይዘዋል። ከፊት የቆመው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ወገቡን ይዞ አጎነበሰ። ላቡ በመስኮቶቹ ይወርዳል።

«የመጣችሁበት ጉዳይ?» አልኩት።

«ለጉብኝት ነው ጌታዬ።»

«ማንን ልትጎበኙ?»

«እርስዎን።»

«እኔ የሚጎበኝ ምን አለኝ? ስልክ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን ችግር አለው፤ ሲጠብቁ እናያለን» አለኝ።

እንቢ ልል አፌን ስከፍት እጄ ቀድሞ ማህተሙን መታ። ከተማዋ ግር ብላ ገባች።

ወዲያው አንዲት ዳክዬ ቀይ ባንዲራ ይዛ ከፊቴ ቆመች። አስጎብኚ ናት። «ይህ ይመር ይባላል» ብላ ማስረዳት ጀመረች። «ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ውጭው ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን እየፈራረሰ ስለሆነ ግድግዳ እንዳትነኩ። ጫማችሁን አውልቁ።» ሕንፃዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በደረቴ በኩል ገቡ። ፎቶ ሲያነሱ ይሰማኛል። አንዱ ድልድይ «እዚህ ጋ ምንድነው የሚያቃጥለው?» ብሎ ጠየቀ። ዳክዬዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቱ ናት» አለች። ሁሉም ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ አፈርኩ። ለተካልኝ እንኳ ያልነገርኩትን ነገር አንዲት ዳክዬ ለድልድይ ታወራልኛለች።

በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ። የኔ ስልክ ነው፣ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። ዘነቡ መሆን አለባት። ካላነሳሁት መቼም ደግማ እንደማትደውል አውቄያለሁ። ከየት እንዳወቅኩት እንጃ፣ በሕልም መቼ ይጠየቃል። ጎብኚዎቹን በትኜ ሮጥኩ።

እዚህ ከተማ በደረስኩ ዕለት ሞተር ሳይክሉ እንደ ጎርፍ ሲወርድ አይቼ መንገዱ ዳር ደርቄ ቀርቼ ነበር። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ አሮጊት እጄን ይዘው አሻገሩኝ። አይቆሙም፣ አይሮጡም፣ ወደ ኋላም አይሉም፤ ዝም ብለው ይራመዳሉ፣ ጎርፉም በግራ በቀኝ ያልፋቸዋል። በሕልሜ ግን ሞተር ሳይክሎቹ ናቸው ዳር ቆመው የሚንቀጠቀጡት። በመሃል የሚወርደው ሰው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአፉ ጥሩምባ እየነፋ፣ ከጀርባው ጭስ እየለቀቀ ይከንፋል። አንድ ያረጀ ሞተር ሳይክል በመሪው ክንዴን ያዘኝ።

«ልጄ፣ አሻግረኝ። ዓይኔ አያይም።»

«አባባ፣ እኔ ራሴ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ ነው የሚያሻግረው። ያገሩ ሰው ቆሞ ማየት ነው ሥራው።»

መሪውን ይዤ ገባሁበት። አልቆምኩም፣ አልሮጥኩም። መንገዱ ግን በተራመድኩ ቁጥር ይሰፋል። የስልኩ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። «ዘነቡ! መጣሁ! እንዳትዘጊው!» ብዬ ጮህኩ። የሚከንፈው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ተኝታለች!» አለኝ። ያኔ አለቀስኩ።

ማዶ ስደርስ ስልኩ ፀጥ ብሏል። ቦታውም ሆስፒታል ሆኗል። አልጋ ላይ ተኝተው የሚያቃስቱት ሐኪሞች ናቸው። በሽተኞቹ ነጭ ጋወን ለብሰው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ፣ «አይዞህ ዶክተር» ይላሉ። ከመካከላቸው አንዷ ዞር አለች። ዘነቡ ነበረች። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጉንጯ ሞልቶ።

«ምነው ከሳህ?» አለችኝ። «ምግባቸው አልተስማማህም አይደል?»

«እየደወልኩ ተኝታለች ይሉኛል።»

«ማነው ተኝታለች ያለህ? አንተ ከሄድክ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በር በሩን ሳይ ነው የከረምኩት።»

ላቅፋት ስል በሩ ተበረገደ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሕንፃዎቹ አሉ፣ ድልድዮቹ አሉ፣ ዳክዬዋ ባንዲራዋን ዝቅ አድርጋ ከፊት ከፊት ታለቅሳለች። «ወዮ ይመር! ወዮ ወንድማችን! እህትህ ዳነች! ጽናቱን ይስጥህ!» እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ በደስታ አጨበጨብኩ። ዘነቡን ለማየት ዞርኩ። ደረታቸውን የሚደቁበት ድምፅ በረታ፣ በረታ፣ በረታና ነቃሁ።

የሚደቃው የሆቴሉ ክፍሌ በር ነበር። ገና ጎህ አልቀደደም። ከፈትኩ።

ተካልኝ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ቆሟል። ከኋላው አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት አሉ፤ አይቻቸው አላውቅም። ሦስቱም ይስቃሉ።

«እንዴት አደርክ!» አለ ተካልኝ፣ ድምፁ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ። «ያገራችን ልጆች ናቸው፣ እዚሁ ነው የሚኖሩት። ቁርስ አብረን እንብላ ብለው መጡ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ሲነጋ መንገዱ ይጨናነቃል ብለን ነው» አለ ሰውዬው፤ አሁንም ሳቀ።

ስልኬን ስፈልግ የለም። ተካልኝ ማታ «ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ወስዶታል። እጄን ዘረጋሁለት። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። በፌስታል የተቋጠረ ትኩስ የሩዝ ኑድል ሾርባ ሳህን ላይ ገለበጠች። አባታችን የሞተ ለት ለዘነቡ ጎህ ሳይቀድ በሯን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩ። ፍርፍሩን ጨርሳ እስክትበላ ድረስ ስቀልድላት፣ ስስቅላት ቆይቻለሁ። በባዶ ሆድ አይነገርም።

«ዘነቡ ናት?» አልኩ።

ሴትዮዋ ኑድሉን በሹካ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋች። ፊቷ አሁንም ይስቃል።

«መጀመሪያ ብላ፣ የኔ ወንድም። አንድ ጉርሻ ብቻ።»

አፌን ከፈትኩ።