ለጤነኛ ሰው የወጣ ደቦ

በእኛ በቀወት የሰው ጤና የሚታወቀው ከፊቱ ሳይሆን ከማሳው ነው። ማሳው ደጋግሞ ከታረሰ ባለቤቱ ደህና ነው። ካልታረሰ ወይ ታሟል፣ ወይ በሬው ሞቶበታል። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

እኔ ግን አምና ማሳዬን ሳላርስ ተውኩት። የግብርና ባለሙያዋ፣ መሬቱን ሳታርሱ የማሽላውን አገዳ አልብሱትና በዱላ ጫፍ እየወጋችሁ ዝሩበት ስትል ሰምቼ ልቤ ተነሳ። ባለቤቴ የዓመት ቀለባችንን መጫወቻ አደረግኸው ብላ አኮረፈች። እኔም እንደ ታላቅ ፈላስፋ እጄን አጣምሬ ዝናብ መጠበቅ ጀመርኩ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ማሾ ልሸጥ ሸዋ ሮቢት ውዬ በባጃጅ ስመለስ ማሳዬ በሬ በበሬ ሆኗል። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ሰው ታሞ ደብቆን ነው ብለው ደቦ አውጥተውልኛል። አገዳዬ ተገፎ ለከብት ተከምሯል። ሲያዩኝ፣ አላህ ያሽርህ፣ ምነው በፀሐይ ወጣህ አሉኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ ትንሽ ሳልኩላቸው። የአንዱ ሞፈር ስለተሰበረ ብቻ ከዳር ያለች ቁራጭ እንዳለች ቀረች። ሁሉንም ዘራሁት።

ከዚያ ዝናቡ ከደብረ ሲና በኩል ተንደርድሮ ወረደ። የታረሰው አፈሬ ደፍርሶ ወደ ወንዙ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ወደ ቁራጯ ስዞር ግን ውሃው የትም አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይሰርጋል። ተንበርክኬ አገዳውን ገለጥ አደረግሁ። አፈሩ ልስልስ ብሎ ትል ይርመሰመስበታል፤ ትሎቹ የበሱት ቀዳዳ ሁሉ የውሃ መንገድ ሆኗል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሬ ላይ እየጮህኩ የምሠራውን፣ ዓይን የሌላቸው ፍጥረታት ድምፅ ሳያሰሙ ይሠሩታል። ተገረምኩ ብል ያንሳል፤ በእግሬ ልረግጠው ፈራሁ።

ዝናቡ ያለጊዜው ሲቋረጥ ሌላው ማሽላ ጠወለገ፣ የቁራጯ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። ጋሽ ሰይድን ወስጄ አሳየኋቸው። እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው ሱብሃነላህ አሉ። የዚያን ዓመት ቤታችንን ያኖረችው ያችው ቁራጭ ነበረች፤ ባለቤቴም ታረቀችኝ።

ዘንድሮ የጋሽ ሰይድ ማሳ አገዳውን እንደለበሰ ሳይታረስ ሰነበተ። ባለፍኩ ቁጥር፣ አያችሁ፣ ትምህርቴ ገባቸው እያልኩ ለመንገደኛው ሁሉ አሳያለሁ። በኋላ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ቤታቸው ብገባ ወባ ጥሏቸው ተኝተዋል። ቀና ብለው አዩኝና፣ አንተ ደህና ሆነህ ሳለ የአገሩን በሬ አወጣሁልህ፣ እኔ ስታመም ማሳዬን ታስጎበኛለህ አሉኝ።