በረኪና ውስጥ ማደር

ትናንት ያየሁትን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። ጥርሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ነው ያየሁት።

አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ጥርሶች ተሰልፈዋል። ከፊት ያለው ግዙፍ መንጋጋ ባለቤቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ፣ «ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ይነቀልልኝ» ይላል።

«መንቀል ምን ያስቸኩላል? ሥርህን በሰው እናስጠርገዋለን» አለችው ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን የብረት መርፌ። ዞር ብላም እኔን አየች። «ይሄ ይሆናል። በረኪና ውስጥ ክተቱት።»

ከነልብሴ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፉኝ። ከጎኔ የጥርስ ሐኪሜ ዶክተር ሙሉሸዋ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ ጋዜጣ ያነባል።

«ዶክተር፣ እያቃጠለኝ ነው» አልኩት።

«አይዞህ፣ ትንሽ ነው የሚቆጠቁጥህ» አለኝ። ይህን ሲል ጢሙ ዝጎ ረገፈ።

ክንዴን ባየው እኔም ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቻለሁ። በጣም ፈራሁ። የዛገ ሰው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ ላይ ይደፈንበታል። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ በሕልም ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

«እመቤቴ፣ ነጽቻለሁ፤ ያውጡኝ» ብዬ መርፌዋን ለመንኳት።

«ገና ነህ። እደር። ባደርክ ቁጥር ትነጣለህ።»

አደርኩ። ሲነጋ በጥጥ ጠራረገችኝ፤ ጥጡ እንደ በርበሬ ቀላ። «እንደ አዲስ ሆነሃል» አለችና መንጋጋው ውስጥ በአናቴ ሰካችኝ።

ውስጡ መብራት የጠፋበት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይመስላል። ከላይ ያዞሩኛል፣ እዞራለሁ።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ወገቤን» እላለሁ።

«እኔን አይሰማኝም፤ ቀጥሉ» ይላል መንጋጋው።

ወገቤ ቀጭ አለ።

ነቃሁ። የዶክተር ሙሉሸዋ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተንጋልያለሁ፤ ጉንጬ ደንዝዟል። ዶክተሩ ጥርሴን ሲጠርግበት የነበረውን መርፌ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ያገላብጣል።

«ሲስተር እቴነሽ፣ ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው በረኪና ውስጥ የነበረችው?»

«ከዓርብ ጀምሮ፣ ዶክተር። በደንብ ትጽዳ ብዬ ነው ያሳደርኳት።»

«ግማሿስ?»

ሲስተር እቴነሽ መጀመሪያ ወለሉን አየች። ቀጥሎ ጋውኗን አራገፈች። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አፌ አጎነበሱ።