አልመጣ ያለው ዘጠኝ ሰዓት

እኛ ሰፈር መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም። ከአፍንጮ በር ራስ መኮንን ድልድይ ስንት ነው ብትሉኝ፣ ልጅ ካላዘልኩ ሩቅ አይደለም፣ ካዘልኩ ግን እንደ ልጄ ጸባይ ነው። እናቴ ብራዚል ወንድሜ ጋ ልትሄድ ስትል ቲኬት ቆራጯን የጠየቅኳትም ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አለችኝ። እኔ አሥር ሺህ ድረስ የቆጠርኩት ነገር የለኝም።

ያስጨነቀኝ ግን ርቀቱ አይደለም፣ ሆዷ ነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ ጉዞው የዋለው ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነው። ሳትበላ ስትቆይ ትንቀጠቀጣለች፤ አምና ድልድዩ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃብኛለች። የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ ነሽ፣ ጠዋት ብዪ ቢሏትም አሻፈረኝ አለች። በስንት ልመናና ለቅሶ በዘጠኝ ሰዓት እንድትበላ ተስማማን። የአውሮፕላን ምግብ ስለማታምን ዳቦና ቆሎ ቋጠርኩላት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በረረች።

እኔም ልጄን አዝዬ የባለሱቁ የጋሽ ታደሰ ባንኮኒ ላይ ተደፋሁ። ስልካቸው ላይ አውሮፕላኗ ትታያለች፤ ገብስ ታክላለች፣ የቆመችም ትመስላለች። እናቴ ገብስ ውስጥ ተቀምጣ አፍሪካን ታቋርጣለች፣ እኔ እዚህ ጨው እገዛለሁ። ይሄ አያስገርምም? ጋሽ ታደሰ በዓይንሽ እንዳትጥያት ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት፤ ለምኜ አስወጣኋቸው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብሷ ባሕር ላይ ነበረች። ተመስገን፣ አሁን እየበላች ነው ብዬ እኔም ቤቴ ገብቼ በላሁ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። እማዬ በሰላም ደርሳለች፣ ግን ኤርፖርቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ዳቦ እየቆረሰች ነው፣ ሳልጨርስ አልነሣም ብላለች አለኝ። ስልኩን ስጣት አልኩት።

ለካ እስከዚያ ድረስ እህል አልቀመሰችም። እማዬ ሰዓት አታስርም፣ ዘጠኝ ሰዓትን የምታውቀው በፀሐይ ነው። መስኮቱ ጋ ሆና ብትጠብቅ ብትጠብቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ቀረች። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ምግብ ብታመጣ፣ ልጄ ገና ነው እያለች መለሰቻት። አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ምዕራብ ስለሚበሩ ፀሐይን እየተከተሏት እንደሆነ፣ ቀኑም እንደሚረዝም ቢያስረዳትም አልሰማችውም። አውሮፕላኑ ሲያርፍ በዚያ አገር ገና ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነበር።

አልተንቀጠቀጥሽም ወይ አልኳት።

"ትንሽ። በርዷታል ብለው ብርድ ልብስ ደረቡልኝ።"

"ታዲያ ለምን አልበላሽም እማዬ?"

"ፀሐይ ፊት ለፊቴ ቆማ እያየችኝ?"

ምን ይባላል? ሰው ፀሐይን የሚከተል መኪና ሠራ ብዬ ልደነቅ፣ ወይስ እዚያ ውስጥ ገብታ ከፀሐይ ጋር እልህ በተጋባችው እናቴ? ለፋሲካ ስትመለስ እንዳትደግመው ፈርቼ፣ ወደዚህ ሲበርስ እንዴት ነው ብለሽ ሰውዬውን ጠይቀሽዋል ወይ አልኳት። ጠይቃዋለች። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ቶሎ ትሄዳለች፣ ዘጠኝ ሰዓትም ሳይርብሽ ይደርሳል ብሏታል። እፎይ አልኩ።

"ስለዚህ ስመለስ እስከ አሥራ አንድ ነው የምጾመው" አለችኝ፤ "በአቋራጭ መጽደቅ አልፈልግም።"