የ«ሰ» ትከሻ

ዓይን አፋር ሰው ሰርግ ቤት የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? ከኦርጋኑ ጀርባ። ድምፁ ስለሚያደነቁር «አንቺስ መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የሒሳብ አስተማሪዋ የነገሌን ሰርግ ሁሉ ያሳለፍኩት እዚያ ነው።

ከዚያ ቦታ የሚታየው የኦርጋን ተጫዋቹ የአብዲ ጀርባና የኦርጋኑ ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ የምቱን ስም በነጥብ በነጥብ ሠርታ ታሳያለች፤ አምስት ነጥብ ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች። እኔም በካሬ ደብተሬ ላይ ካሬዎቹን እያጠቆርኩ ፊደሎቹን መገልበጥ ያዝኩ። ሰው አብዲን ወዳ ነው አለ። ወንድ መውደድ ይገባቸዋል፤ ነጥብ መውደድን ማን ይረዳልኛል?

መስኮቷ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ «አካም» ማለት አያቅታትም። «እንደምን» በሏት፣ ዲዳ ናት። ቀናሁና የእኛንም ፊደል በነጥብ ልሠራ ተነሣሁ። አቤት አበሳ! «ጨ»ን እዚያ ውስጥ ከማስገባት ግመል ባጃጅ ላይ መጫን ይቀላል።

አብዲ ደብተሬን አየብኝ። ከኦርጋኑ ፊት የሚያቆመው፣ በቀይ መብራት የሚጽፍ ሰሌዳ ገዝቶ ነበር፤ ሰሌዳው አማርኛ አያውቅም። ፊደሎቼን አስገባበት። ማን ሠራው ቢሉህ ከአዲስ አበባ መጣ በል ብዬ አስማልኩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር እኛ ዘንድ አይሳሳትም።

ሰሌዳው ክፍት ቦታውን ጨምሮ አሥራ ሦስት ፊደል ይይዛል። «እንኳን በሰላም መጣችሁ» አሥራ አራት ሆነብኝ። «በ»ን ጣልኳት። ያ ባልከፋ። «ሰ» ግን ትከሻዋ ሾጠጥ ብሎ ጎባጣ መሰለችኝ። ላሳምራት ብዬ ግራና ቀኝ አንዳንድ ነጥብ ጨመርኩላት። ትከሻዋ ቀና ያለች «ሰ» ማን ትባላለች? አንደኛ ክፍል ጠይቁ።

በመጀመሪያው ሰርግ የሙሽራው ወገኖች ከአሬሮ በአይሱዙ መጡ። ሽማግሌያቸው ኦቦ ጃርሶ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ ቆመው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እንኳን በላም መጣችሁ።»

ላም አልተባልንም ነበር አለ አንዱ። ከአዲስ አበባ ነው ከተባለ ሕግ ወጥቶ ይሆናል አለ ሌላው። ዞር ብለው ተማከሩ፤ እዚሁ ሊበን ወረዳ ካለ ዘመድ ዘንድ ተልኮ፣ እዚያ የነበረችው የኦቦ ጃርሶ ጊደር ተነድታ መጣች። የሙሽሪት ወገኖችስ? አልጠየቁም፤ ግን በደጁ የቆመችን ጊደር ማን ይመልሳል? ቀጣዩ ሰርግ ይህን ሰምቶ ላሙን ይዞ መጣ። ከዚያም ቀጣዩ። እኔ ሰሌዳውን አሳርሜ፣ አፌን ዘግቼ ቀረሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ወጋችን» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ።

ዘንድሮ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ። የሙሽሪት ሽማግሌ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኦቦ ጃርሶ። እንደ ወጉ አንዲት ላም አሉ። እናቴ ያለቻት አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ ለእሷ ላም ብቻ አይደለችም፣ የምታዋራት ጓደኛዋ ናት። ለእናቴ ስል ዓይን አፋርነቴን ዋጥኩና ደብተሬን ይዤ ኦቦ ጃርሶ ዘንድ ሄድኩ።

«ናጋ»፣ ሰላም እንደ ማለት፣ ተባባልን። ሁሉንም ተናዘዝኩ። እያንዳንዷን ነጥብ በጣታቸው ነኩ።

«እነዚህን ሁለቱን ብታነሺያቸው ምን ይላል?»

«ሰላም ይላል፣ ኦቦ።»

«እስቲ ‹ሰ›ን በእጅሽ ሸፍኛት።»

ሸፈንኳት።

«አሁንስ ምን ቀረ?»

«ላም» አልኩ በቀስታ።

«አየሽ ልጄ? ብታርሚውም ባታርሚውም ላሟ እዚያው ናት። እኔም ጊደሬን የሰጠሁት ላንቺ ነጥብ አይደለም፤ ለወጉ ነው። ወግ የለም ካልሽኝማ እኔ ምን ልባል ነው?»

ላሟን ነድቼ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። እናቴ ግንባሯን ስማ ሸኘቻት፤ አያቶቻችን ያቆዩትን እኛ አናፈርስም አለች። እውነቱን እስካሁን አልነገርኳት። ማንበብ አትችልም፤ በጽሑፍ የተናዘዝኩትም ለዚሁ ነው።