ነቀዝ የሸሸው ባቄላ

ሰነፍ ሰው የለም፤ ያለው ያልተመረመረ ሰው ነው። ይህን የምላችሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በስንፍና ተገምግሜ ስለማውቅ ነው።

ያኔ መምህር ነበርኩ። በዚያ ዓመት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀትር ላይ ጋቢ ደርቤ እያስተማርኩ ይበርደኝ ጀመር። ሰሌዳው ላይ "ግስ" ብዬ ጽፌ የግሱን ነገር እዚያው እረሳዋለሁ። ሰውነቴ ግን ይወፍራል። ጎረቤትም "ትዳር ተስማማው" ይላል... የትዳሩን ነገር ሚስቴን አለምነሽን ጠይቋት።

ግምገማ መጣ። ሂስ እየቀረበብኝ ሳለ አንቀላፋሁ። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን መታ።

"መምህር፣ የቀረበብዎትን ይቀበላሉ?"

"ምኑን?"

"ሥራ ላይ መተኛትዎን።"

"ተኝቼ ስለነበር አልሰማሁም።"

ቤቱ ሳቀ፤ ቃለ ጉባኤው ግን አልሳቀም። "የአመለካከት ችግር አለበት" ተባልኩ፤ ካላስተካከልኩም መኪና ወደማይደርስበት ቀበሌ እዛወራለሁ። ያን ዘመን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የአመለካከት ችግር በኪኒን አይድንም።

ይኼ ሳያንስ አንገቴ ማበጥ ጀመረ። ሰው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ይላል፤ የእኔው በግምገማ ላይ እንቅርት ሆነ። አለምነሽ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ አንገቴን ዳሰሰ፣ ደሜን አስመረመረ። "እዚህ ያለው ዕጢ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ሆርሞን ያመርታል። ያንተ ሥራ ቀንሷል" አለኝ።

"ሰነፉ እሱ ነው በለኛ።"

"እንደሱ በለው። ቤታችሁ የተባይ መድኃኒት አለ?"

ከአለምነሽ ጋር ተያየን። እናቷ እማማ የውብዳር ከጅጋ ገጠር በየዓመቱ ባቄላ ይልኩልናል። ነቀዝ እንዳይደፍረው በዲዲቲ ዱቄት ያሹታል። እኛም እያራገፍን ቆሎም፣ ንፍሮም፣ ሽሮም አድርገን እንበላዋለን። ይህንኑ ነገርነው።

"ይኼ ነገር ዛሬ ተበልቶ ነገ አይወጣም" አለ ሐኪሙ። "ስብ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል፤ የሆርሞኑንም ሥራ ያዛባል። ላንተ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ የአዮዲን እጥረትም አለ። ባቄላውን ግን ተወው።"

ኪኒኑን መዋጥ ቀላል ነበር። ከባዱ ለአማት መንገሩ ነው። አንቱ እየተባባልን የምንከባበር ሰዎች፣ "ስጦታዎ መርዝ ነው" እንዴት ይባላል? ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ በቅኔ ሞከርኩ።

"እማማ፣ የእርስዎን ባቄላ እንኳን ሰው ተባዩም ይፈራዋል።"

"እግዜር ያክብርልኝ" አሉ ደስ ብሏቸው። በሳምንቱ ሁለተኛ ጆንያ ላኩ። ሰሙን ወስደው ወርቁን ለእኔ ትተውልኛል።

በመጨረሻ ጅጋ ድረስ ወረድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁና አንገቴን እያሳየሁ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ተቀየሙኝ ብዬ መመለሻዬን ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"ነቀዙን ሲገድለው እያየሁ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እርስዎም ነፍስ እንዳለዎት እንዴት ጠፋኝ?"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስነሳ እሳቸው ቀድመው ተነሱና ጆንያውን ሊደፉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ኪኒኑ ሠራ፤ ነቃሁ። ርዕሰ መምህሩም ችግሩ የአመለካከት ሳይሆን የአንገት መሆኑን አምኖ ዝውውሩን ተወው። በዓመቱ ከጅጋ የመጣው ባቄላ ዱቄት የለበትም፤ ግማሹን ነቀዝ በስቶታል። እማማም በዚህ ይኮሩ ጀመር። በገበያ ቀን ሴቶቹን ሰብስበው "ነቀዝ የሸሸውን እህል ለልጃችሁ ባል አታብሉ" እያሉ ሲመክሩ አብሬያቸው ነበርኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዷ ግን ሌሎቹ እስኪበተኑ ጠብቃ ጠጋ አለቻቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

"የተረፈ ዱቄት ይኖርዎት ይሆን?"

የልጇን ባል አውቀዋለሁ። አልፈረድኩባትም።